ባለ ሁለት ሲሙ አማች

ጋምቤላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለአቢጋኤል
ጁባ

የባሮን አዞ አፍ ዘግቶ እዚህ ያደረሰን አምላክ አንቺንም በሰው አገር ከክፉ አፍ ይሰውርሽ። እኔ አጎትሽ አሸብር ከወገቤ በላይ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በታች ያለውን የስፌት መኪናው ፔዳል ከወሰደው ቆይቷል። እናትሽ እሙዬም ደህና ናት። ደህና መሆኗን የማውቀው ስለምትቆጣኝ ነው፤ ሲያማት ትለሰልሳለች። የእሑዷ ሚስድ ኮልሽም ሳታቋርጥ ትደርሳለች። ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም ሲል «ደህና ናት» ትልና ታማትባለች። ሳታነሳው ነው ታዲያ። አንድ ቀን ተሳስቼ ላነሳው እጄን ብዘረጋ በማማሰያ መታችኝ። «ጥሪው ራሱ ነው ወሬው፤ ምን ልትሰማ ታነሳዋለህ?» አለችኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይህን ፖስታ በሙጫ አላሸግሁትም። ዙሪያውን በመኪናዬ ሰፍቼዋለሁ፣ በቀይ ክር፣ ጥብቅ አድርጌ። የሚያመጣልሽ ያው ነጋዴሽ ፑዎት ራሱ ነው፤ እስከ ማላካል ይዞት ሄዶ ከዚያ ለሰው ይሰጥልሻል። ስለ ሰውዬው የጻፍኩትን በሰውዬው እጅ መላኬ ነው። ክሩ ተተርትሮ እንደገና የተሰፋ ከሆነ ታውቂዋለሽ፤ የኔን ስፌት አስመስሎ የሚሰፋ በዚህ ከተማ አልተወለደም። ስሰጠው አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ደብዳቤ ለምን ይሰፋል?» አለኝ። «እንዳይበርደው» አልኩት። «እሺ፣ በብብቴ እይዘዋለሁ» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ደግ ሰው ይመስላል። ሱሪው ብቻ ለሁለት ሰው የሚበቃ ጨርቅ ይፈጃል እንጂ ምንም አላገኘሁበትም።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ከኒውላንድ ሰፈር ሦስት ሰዎች መጡ። መሪያቸው ኳች የሚባሉ አዛውንት ናቸው፤ በእኛ በር ሲገቡ ግንባራቸውን ከጉበኑ ጋር አላተሙት። ቤቱ ተነቃነቀ። እሳቸው ግን «ሰላም ለዚህ ቤት» ብለው ተቀመጡ። ስለ አንቺ አነሱ፣ ስለ ልጃቸው አነሱ፣ ስለ ከብት አነሱ። እሙዬ ሁሉንም ሰምታ ጨረሰችና አንዲት ጥያቄ ጠየቀች።

«ልጃችሁ ስንት ስልክ ቁጥር አለው?»

ሽማግሌው ደስ አላቸው። «ሁለት ነው፣ እናቴ። አንድ የኢትዮጵያ፣ አንድ የደቡብ ሱዳን። ሁለቱም በአንድ ስልክ ውስጥ ነው» አሉ፣ ሁለት በረት ከብት እንዳለው ሰው።

«እንግዲያው ሁለት ቤት አለው» ብላ ብድግ አለች። ሽምግልናው በዚህ አበቃ። ሽማግሌው ሲወጡም ጉበኑን ደገሙት።

ነገሩ ከሰማይ አልወረደም። የሚካኤል ዕለት እሙዬ የላከችልሽ በርበሬ ድንበር ላይ ማታር ደርሶ እንደሆነ ልትጠይቅ ለፑዎት ደውላ ነበር። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» አላት። ደግማ ደወለች፣ ያው ነው። በማግስቱ ጎረቤታችን ዶርቃ ደረቅ ዓሣ ልትገዛ ከሄደችበት ከማታር ተመለሰች። «ምን ይዘጋል! በዚያችው ሰዓት ወንዙ ዳር ቆሞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲስቅ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጥርሱ ከዚህ ይታይ ነበር» አለች። በቃ። ለእናትሽ ተዘግቶ ለሌላ ሴት የሚከፈት ስልክ ተገኘ።

አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ጁባ ውስጥ ይህ ስልክ እንደ ሙዝ ተደርድሮ ይሸጣል ይባላል። ሁለት ሲም በአንድ ቀፎ ውስጥ እንዴት ነው የሚኖሩት? ሰው እያወራበት ተዘግቷል ይላል? እውነቱን ጻፊልኝ። እኔም አንድ ልገዛ አስቤ ነበር። እሙዬ ግን «እዚህ ቤት ባለ ሁለት ሲም አይገባም» ብላ አውጃለች። እሷ ስታውጅ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ያምረኛል።

የማይተረተረው አጎትሽ
አሸብር


ጁባ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ አሸብር
ጋምቤላ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ለዓመት በዓሉ በሰላም ያድርስዎ፤ እግርዎን ፔዳሉ፣ ምላስዎን እሙዬ አይውሰዱብዎ። እኔ ደህና ነኝ። ክሊኒኩ ሥራ ይበዛበታል፣ ሙቀቱም የጋምቤላን ያስንቃል።

ስፌቱ እንዳለ ደርሷል። አንድም ቦታ አልተነካም። በመንገድ ውኃ ነክቶት የክሩ ቀለም ፖስታውን አቅልሞታል፤ ባልደረቦቼ የፍቅር ደብዳቤ መስሏቸው ሲያሾፉብኝ ዋሉ። ቁስል በምንፈታበት መቀስ ፈታሁትና ቆሜ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። እስካሁን እንደተናደድኩ ነኝ።

ጋሼ፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ። የሚካኤል ዕለት ፑዎት ሲስቅ የነበረው ከኔ ጋር ነው። የእናቴን ጥሪ የዘጋሁት እኔ ነኝ!

እንዲህ ነው የሚሠራው። ቀፎው ሁለት ሲም ይይዛል እንጂ ሁለት ጆሮ የለውም። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሁለቱንም መስመሮች ተራ በተራ ያዳምጣል፤ በየትኛውም ቢደወል ይጮኻል። በአንዱ ማውራት ሲጀመር ግን ሙሉ በሙሉ ወደዚያ ይዞራል፤ ሌላኛው መስመር እስኪጨርስ ድረስ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። በዚያ ጊዜ የደወለ ሰው ስልኩ የተዘጋ ይመስለዋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያነጋግሩ ውድ ቀፎዎች አሉ ይላሉ፤ እኔ አላየሁም። ፑዎትም የለውም።

ሁለት ቁጥር የያዘው ደግሞ ደብቆ አይደለም። ማታር ዳር ላይ ሲቆም ከማዶ ያለው አንቴና ይደርሰዋል። በዚያኛው ሲም ለኔ ሲደውል የአገር ውስጥ ጥሪ ነው፤ በኢትዮጵያው ቢደውል የውጭ አገር ጥሪ ይሆንበታል። ሁለት ገበያ ያለው ነጋዴ፣ ሁለት ዳር ያለው ወንዝ ላይ የሚኖር ሰው፣ ሌላ ምን ይያዝ?

እርስዎም ይግዙ። ሲገዙ ሁለቱም የሲም ቦታዎች መሥራታቸውን እዚያው ሱቁ ውስጥ ያስሞክሩ፤ ፈጣኑን ኢንተርኔት የሚወስደው አንደኛው ብቻ ስለሆነ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ኔትወርክ የማይደርሰውን ሲም ደግሞ ከስልኩ ላይ ያጥፉት፤ ቀኑን ሙሉ አንቴና ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ገዝተው እሙዬ ፊት ያሳዩልኝ። ዓይኗ እያየ በአንዱ ያውሩ፣ በሌላው ትደውል። ያኔ ምን እንደምትል እናያለን።

ይህንንም ይንገሩልኝ፦ ልጅሽ ሁለት ቁጥር ያለውን ሰው እያወቀች፣ ዓይኗን ከፍታ መርጣለች።

የእህትዎ ልጅ
አቢጋኤል


ጋምቤላ፣ የካቲት 24 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለአቢጋኤል፤

የዘገየሁት ወንዙ ስለጎደለ ነው ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር። ወንዙም ጎድሏል፣ እውነት ነው፤ ግን የዘገየሁት አፍሬ ነው። ቅዱስ ገብርኤል ከእሳት ያወጣቸውን ሦስቱን ወጣቶች እያሰብሽ አንብቢው፤ እኔን ያወጣኝ የለም።

ስልኩን ገዛሁ። ከኪሴ ሳወጣው እሙዬ እባብ ያየች መሰለች። ስልኩም ቢሆን አልወደደኝም፤ ጣቴ በመርፌ ደንድኖ ስለኖረ ስክሪኑ ሰው መሆኔን አይቀበልም፣ በትንሿ ጣቴ ነው የምለማመጠው። የሲሙ ቦታ ጠባብ ሆኖ ነባሩን ሲሜን በጨርቅ መቀሴ ቆረጥኩት። ያ መቀስ ከጨርቅ ሌላ ምንም ነክቶ አያውቅም፤ ስለ አንቺ ብሎ ረከሰ። ሁለተኛ ሲም ጨመርኩበት። ሁለቱም ሠሩ።

ከዚያ የማርያም ማኅበር ተራው የእሙዬ የሆነበትን ቀን ጠበቅሁ። ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበዋል፣ ዶርቃም አለች። የስፌት መኪናዬን ወደ ሳሎን አስገባሁ። ሁለት ባለ ቀለም ክር ላዩ ላይ ሰቀልኩ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ሰማያዊ።

«ክሩ ስንት ነው?» አልኳቸው።

«ሁለት።»

«መርፌውስ?»

«አንድ።»

«አረንጓዴው ሲሰፋ ሰማያዊው ጠፋ ማለት ነው?»

«የት ይጠፋል? ተራውን ይጠብቃል» አለች ዶርቃ።

እግዚአብሔር ይስጥሽ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ዶርቃ በአንደኛው ቁጥሬ ደወለችልኝ፤ አንስቼ ከፊት ለፊቴ ከተቀመጠች ሴት ጋር ስለ ዓሣ ማውራት ጀመርኩ። «አሁን በሁለተኛው ደውዪ» አልኩ እሙዬን። ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሰማች፦ ማግኘት አይችሉም። ረታሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

እሙዬ ዙሪያዋን አየች። «አያችሁልኝ?» አለች። «ወንድሜም ጀመረው።»

ቀጠለችም፦ «ዕድሜህን ሙሉ በአንድ ቁጥር ኖረህ፣ ሚስት የለህ፣ ሁለተኛው ለማን ነው?»

አቢዬ፣ ሳቁን እንዴት ልንገርሽ! ከዚያ ቀን ወዲህ የማኅበሩ ሴቶች በመንገድ ሲያገኙኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። አንዷ ብቻ፣ ስሟን አልጠራም፣ ያልተቀደደ ቀሚስ ለማስጠገን መምጣት አብዝታለች።

እሙዬን ብቻዋን ሳገኛት እንደገና ሞከርኩ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አለችኝ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» አልኳት። እሷ የዛፏን፣ እኔ የባላዬን ስንል ምሳው አረረ። ከምሳው በኋላ አንድ ነገር ተናገረች። ሴቶቹም የማኅበሩ ዕለት ሲወጡ በር ላይ የተናገሩት አለ። እሱን አልጽፍም።

ስለ ስልኩ ከጠየቅሽኝ ግን ፍርዴን ሰጥቻለሁ። ዘመዶቹ ሁሉ አንድ ከተማ የሆኑለት ሰው አይግዛ፣ ትርፉ ባትሪ መጨረስ ነው። ሁለት አገር ሰው ያለው ይግዛ። እኔ ሁለት አገር ሰው አለኝ፤ አልመልሰውም። እሙዬ ብትፈልግ ከነስልኩ ታባረኝ።

አጎትሽ


ጁባ፣ መጋቢት 23 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጋሼ አሸብር፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዛሬ ምርቃቱን ያሳጥሩልኝ።

ያልጻፉትን አነበብኩት። ከምሳው በኋላ እሙዬ ምን እንዳለች ጁባ ሆኜ ሰምቻለሁ። ስልኩ ሰበብ ነው፣ ጋሼ። መርፌና ክር አምጥተው የሚያስረዱት ሰው የገባውን ነገር አልገባኝም እያለዎት ነው። ፑዎት አንድ ሲም ቢኖረው ኖሮ ቁመቱ ይበዛ ነበር። ቁመቱ ቢያጥር ቤተ ክርስቲያናቸው ሌላ ነው ይባል ነበር። ኑዌር ስለሆነ ነው በሉኝና ልረፍ። ያን ጊዜ ቢያንስ ከሰው ጋር እከራከራለሁ፤ ከቀፎ ጋር መከራከር ሰልችቶኛል።

ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ጊዜ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሥራ ተመድቦ ሲመጣ እኔ ገና እግር የተከልኩ ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያው ክረምት ወባ ሲጥለኝ፣ አባቴ መስክ፣ እሙዬ ራሷ ተኝታ፣ በዚያ ጭቃ በጀርባዋ ተሸክማ ሆስፒታል ያደረሰችኝ ማን ነበረች? እሙዬን ይጠይቁልኝ። ስሟን ከአፏ ይስሙት። ኛኩዋኒ የምትባል ኑዌር ጎረቤታችን ነበረች ብትል፣ ያን ዕለት ስንት ቁጥር እንዳላት ጠይቃት እንደሆነ ይጨምሩበት።

ሰኔ ላይ ወንዙ ሲሞላ በናስር በኩል ማታር እገባለሁ። ሽማግሌ ይመለስ አይመለስ፣ ማኅበሩ ይሳቅ አይሳቅ፣ እኔ ቆርጫለሁ። ይህ ፈቃድ መጠየቂያ አይደለም፤ ማሳወቂያ ነው። የእሑዷን ጥሪም አቁሜያለሁ። ደህና መሆኔን በአንድ ጩኸት ብቻ መስማት ለሚበቃት ሰው፣ የቀረውን ማወቅ ለማይፈልግ ሰው፣ ምን ብዬ ልጩኽ?

እርስዎን አልተቀየምኩም። ግን ጋሼ፣ መቀለድ አንድ ነገር ነው፣ ወገን መያዝ ሌላ። የትኛው ጋ ነዎት?

አቢጋኤል


ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለቆራጧ፤

ከሞት የተነሣው ጌታ ልብሽን ያሳርፍልሽ። የመጨረሻዋን ጥያቄሽን ሳነብ መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። ይገባኛል። መልሴ ይኸውና፦ አንቺ ጋ ነኝ። እናትሽም ፊት ተናግሬዋለሁ፣ ሳልስቅ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። እሙዬ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ጥሪሽ ከቀረ ወዲህ እሑድ እሑድ እንደዚያ ነው የምትውለው። ምግብ አትቀምስም፣ ከማንም አታወራም፣ ስልኩ እንዳይበርደው ያቀፈች ትመስላለች።

«እሙዬ፣ ስልኩን ተይውና የሆድሽን ተናገሪ» አልኳት። «ልጅቷ ኑዌር ስለሆነ ነው ትላለች።»

«እኔ ዘር ቆጥሬ አላውቅም!»

«አትዋሺኝ።»

ቁጣዋን ጠበቅሁ። አልመጣም። «እሱም ትንሽ አለበት» አለች። «መዋሸት አልፈልግም። ሴቶቹ በር ላይ ያሉትን ስሰማ እኔም ልቤ ውስጥ ያለ ሆኖ አገኘሁት።»

«ኛኩዋኒስ?»

«ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ነበር» አለች። «ልጄን ካደረሰችልኝ በኋላ፣ ሲሻለኝ፣ ሄጄ ቆፍሬ አወጣሁላት። አንዱን ብቻ ነው ያገኘሁት። አንድ ጫማ ይዤ ቤቷ ብሄድ ሳቀችብኝ።» ከዚያ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም ጠረግሁ፣ የኔው ግን ጉንፋን ነው።

ቀጥሎ ያለችውን ልብ ብለሽ አንብቢ። ያቺ ከምሳው በኋላ የተናገረቻት ይህችው ናት፤ ያን ጊዜ ቁጣ መስላኝ አልገባችኝም ነበር።

«አሸብር፣ ሁለት ቁጥር የያዘ ሰው አንዱን ይጥላል» አለች። «ልጄ ስትሄድ የኛ አገር ቁጥር ነበራት። እዚያ ሌላ አወጣች። ያኛው ካርድ ሳይሞላበት ቆይቶ ተዘጋ። እኔ እየደወልኩ ነበር። እንደማይሠራ አውቃለሁ፣ ጣቴ ስለለመደው ነው። ባለፈው ክረምት ጠራ! አንድ ሰውዬ አነሳው። ከመተማ ነው። ቁጥሩን ለሱ ሰጥተውታል። ‹እናቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?› አለኝ። ምን ልበለው? ይቅርታ ብዬ ዘጋሁ። አሁን ደግሞ ሁለት ቁጥር ያለው ሰው ልታገባ ነው። ወንዝ ወዲያና ወዲህ ቆሞ የሚያወራ ሰው። አንድ ቀን አንዱን ዳር ይመርጣሉ። የሚጣለው የኛ ነው።»

እኔ ያን ሁሉ ክር ሳሎን ውስጥ የሰቀልኩት ለዚህ ነበር ወይ? ሴትየዋ ስልኩ እንዴት እንደሚሠራ ከኔ ቀድማ ገብቷት ኖሯል። የፈራችው ሌላውን ነው። ይህ ስህተቷን እውነት አያደርገውም፤ በር ላይ የተወራውንም አያጥብም። እንድታውቂው ብቻ ጻፍኩልሽ።

በዚህ ደብዳቤ ሰበብ ቀሚስ ልኬልሻለሁ። የሰፋሁት በግምት ነው፤ ጁባ አክስታሽ ወይም አወፍራሽ እንደሆነ አላውቅም። ሲደርስሽ የታችኛውን ጠርዝ ዳብሺው፤ አንድ ቦታ ይደነድናል። በጥንቃቄ ፍቺው፣ በቁስል መቀስሽ። ክታብ አይደለም። ማን እንደገዛው እንዳትጠይቂኝ፤ ማን ፀሐይ ላይ ተሰልፎ በስሙ እንዳስመዘገበውም አልናገርም፤ ምላሴን ሰፍቼዋለሁ።

አጎትሽ፣ አንቺ ጋ ያለው


ጁባ፣ ግንቦት 25 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ቀሚሱ ልክ ሆኗል። ጠርዙን ፈታሁት። ሲሟን መዳፌ ላይ አድርጌ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ተረኛ ነበርኩ፣ ሲጠሩኝም አልሰማሁም።

እኔም ባለ ሁለት ሲም ስልክ ገዛሁ። አንደኛው ላይ የጁባዬን፣ ሁለተኛው ላይ የናንተን አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ ከሁለተኛው መስመር አጠገብ «አገልግሎት የለም» ይላል፤ ከድንበር ወዲህ አይሠራማ። እንዲያጠፉት ለእርስዎ የመከርኩትን ሲም እኔ አላጠፋሁትም። ቀኑን ሙሉ አንቴና ሲፈልግ ይውላል፣ ባትሪዬን እኩለ ቀን ሳይሆን ይጨርሰዋል። አብራኝ የምትሠራ ነርስ «የማይሠራ መስመር ለምን ታበሪያለሽ?» ትለኛለች። ይፈልግ አልኳት። የኔ ባትሪ ነው፣ ደግሜ እሞላዋለሁ።

ነገ መንገድ እጀምራለሁ። ፑዎት ናስር ድረስ ጀልባ ይዞ ይመጣል። ለእሙዬ ምንም አይንገሩልኝ። ማታር ዳር ስደርስ መስመሩ ሲነቃ አንድ ጊዜ እደውላለሁ፣ እንደ ድሮው። ከፈለገች ታማትብ። ካልፈለገችም እኔ ማታር ነኝ፤ አልመለስም።

አቢጋኤል


ጋምቤላ፣ ሰኔ 18 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለአቢጋኤልና ለዚያ ለረጅሙ ሰው
ማታር

የመጣችሁበትን ወንዝ የሞላ አምላክ ቤታችሁንም ይሙላላችሁ። አንቺ በዚያ ጫፍ የሰማሽውን ታውቂዋለሽ። እኔ በዚህኛው ጫፍ ያየሁትን ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ ብቀር ጨጓራዬ ይታመማል።

ሱቄ ውስጥ ነበርን። አንድ የቢሮ ኃላፊ ሱሪ ልሰፋለት ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቻለሁ፣ ውድ ጨርቅ ነው። እሙዬ በረንዳው ላይ ከዶርቃ ጋር ተቀምጣለች። እሑድ አይደለም፣ ማንም ጥሪ አይጠብቅም። ስልኳ አንድ ጊዜ ጮኸ። ቁጥሩን አየችው። በስሟ ያወጣችው ቁጥር ነው፤ በቃሏ ታውቀዋለች፣ እንደ ውዳሴ ማርያም ደግማዋለች። (ይኸው፣ ምላሴን ተረተርኩት።)

አማትባ የምታስቀምጠው መስሎኝ ነበር። ስልኩም ሊዘጋ ነው። እሷ ግን አነሳችው፣ አቢዬ! ያቺ በማማሰያ የመታችኝ ሴት ሚስድ ኮል አነሳች። ዶርቃ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«የት ነሽ?» አለች እሙዬ። ድምፅሽን አልሰማሁም።

«እሱስ?»

ጀልባ እያሰረ ነው ሳትዪያት አልቀረሽም። «ማሰሩን ይተውና ስልኩን ስጪው» አለች።

የዚህን ጊዜ መቀሴን አስቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ፑዎት ነግሮሽ ይሆናል፤ ግን እሱ ፊቷን አላየም። እንደ ዳኛ ተቀመጠች። «አንተ» አለችው፣ «ልጄን ወንዝ ለወንዝ ስታዞራት አንዱን ዳር ብታስጥላት አልምርህም። ሰማህ?» ምን እንደመለሰላት እንጃ፤ ብቻ ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ከጠረጴዛዬ ላይ የልብስ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔዬን አነሳች። «ሁለቱንም ቁጥር ንገረኝ» አለች። «አንዱን ብቻ ይዤ ስደውል ነው የታለልኩት። ሁለቱንም። ቀስ በል፣ እየጻፍኩ ነው።»

የጻፈችው የኃላፊው ሱሪ ላይ ነው። እዚያ ውድ ጨርቅ መሐል ላይ፣ በነጭ ጠመኔ፣ የኢትዮጵያው ከላይ፣ የደቡብ ሱዳኑ ከታች። ልጮኽ አፌን ከፈትኩ፤ ዓይኗን አይቼ ዘጋሁት።

ዶርቃ አላስቻላትም። «ምነው እሙዬ፣ ሁለት ቁጥር ያለው ሁለት ቤት አለው ስትዪ አልነበረም?»

«አዎ፣ አለው» አለቻት። «አንዱ የኔ ቤት ነው። አማቼ ባለ ሁለት ሲም ነው፣ ምን ይጠበስ? ለማኅበሩም ንገሪልኝ። በር ላይ ከማውራት ገብተው ይጠይቁኝ።»

ዶርቃ ነገረች። ሁለት ሴቶች ከማኅበሩ ቀርተዋል። እሙዬ «ወጡም ይተርፋል» ብላለች። ከጎሬም አንድ ዘመዳችን «የሰማነው እውነት ነው ወይ?» ብሎ ደውሎ ነበር፤ «በደንብ ሰምተሃል» ብላ ዘጋችበት። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ብዬ አልዋሽሽም። ስትመጪ ዓይን አለ፣ ከንፈር መምጠጥም አለ። አንቺ ደግሞ ከእናትሽ ጋር ገና ያልተባባላችሁት ብዙ ነው፤ የኛኩዋኒን ነገር እራሷ ትንገርሽ፣ አታስጨርሺኝ።

ጨርቁን እስካሁን አልቆረጥኩትም። እሙዬ የላይኛውን ቁጥር በቃሏ ያዘች፣ የታችኛው አልገባ ብሏታል፤ ጠዋት ጠዋት መጥታ እያየች ትደውላለች። ወረቀት ላይ ልገልብጥልሽ ብላት «ወረቀት ይጠፋል» አለች። ኃላፊው ሱሪዬ የታለ ብሎ ሁለቴ መጥቷል። ሰርጉ ይለፍ አልኩት።

ሽማግሌዎቹን ለቅዳሜ ላኳቸው። ኳችን አስቀድማችሁ አሳርፏቸው፤ እሙዬ ጥያቄዋን አልጨረሰችም። ከብቱን ግን ለጊዜው ማታር አቆዩት፤ የምናስርበት ቦታ የለንም።

ትናንት ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ አናጢ መሰላል አቁሞ መጋዝ ይዞ አገኘሁት። «ምን እያደረግህ ነው?» ብለው ወደ ውስጥ በአገጩ አመለከተኝ። እሙዬ ከውስጥ ሆና «ዝም በለው፣ ይቁረጠው» አለች። ጉበኑን ወደ ላይ ከፍ እያስደረገችው ነው። አሁን እኔ በዚያ በር ስገባ አጠር ያልኩ ይመስለኛል።

አጎትሽ አሸብር